ከአውድማ በኋላ፣ ከእርሻ በፊት

አለበል ሚስቱን ሥርጉትን ሊያጣት የደረሰው ነሐሴ ላይ ነበር። አምስተኛ ልጃቸውን በወለደች ዕለት ትንፋሽ አጠራት፤ እግሯ አብጦ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ደሙም አልቆም አለ። መንደራቸው ከዳባት በላይ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ደጋ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ መኪና አይደርስበትም። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸከማት። ዝናቡ አላባራም፤ ጭቃውም እግር ይይዛል። ወንዶቹ በየዳገቱና በየቁልቁለቱ እየተቀባበሉ ሲሸከሙ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አያ ኪሩ ግን ቦታቸውን ለማንም አልለቀቁም።

«ምነው አያ፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ» ቢሏቸው፣

«እኔ የማርፈው እሷ ማኪና ላይ ስትወጣ ነው» አሉ።

አስፋልቱ ላይ አምቡላንስ ጠብቆ ጎንደር አደረሳት። ደም ተሰጣት። እናትም ሕፃንም ተረፉ።

ከሆስፒታል የሚወጡ ዕለት ዶክተሩ አለበልን ለብቻው ጠርቶ አስቀመጠው። የሥርጉት ልብ ከልጅነቷ ጀምሮ የታመመ መሆኑን፣ ደም የሚያሳልፈው የልቧ በር በደንብ እንደማይዘጋ ነገረው። መድኃኒቷን ካላቋረጠችና በየወሩ መርፌዋን ከተወጋች ልጆቿን ታሳድጋለች።

«ሌላ እርግዝና ግን ይህ ልብ አይችለውም» አለው። «ገባህ? አንድ እንኳ አይችልም።»

አለበል ገብቶታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ነው። ሥርጉት ከአራተኛው ልጇ በኋላ ክንዷ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ሞክራ ደም ስላበዛባት አስወጥታው ነበር። አሁን ደግሞ የጤና ባለሙያዎቹ የሰጧት የወሊድ መከላከያ መርፌ እንደዚያው አደረጋት፤ ገረጣች፣ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ መቀመጥ ጀመረች። አለበል መኝታውን ወደ መደቡ አዞረ።  ቀን ሲሠሩ አብረው የሚስቁት ሰዎች ሲመሽ እንደ እንግዳ መተያየት ሆነባቸው። እንዲያም ሆኖ ወሯ ትንሽ ከዘገየ ፊቷ ይለወጣል።

ኅዳር ላይ ለልቧ ክትትል ጎንደር ሲወርዱ፣ ሥርጉት እሱን ሳታማክር የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በር ላይ ቆመች። ውስጥ የነበሩት ሲስተር ሃና ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነርስ ናቸው። ሥርጉት ተቀምጣ እንዲህ አለቻቸው፦

«እኔን ቋጥሩኝ። እስከ ወዲያኛው እንዳልወልድ አድርጉኝ።»

ሲስተር ሃና ካርዷን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላንቺ ሆድ መክፈት ይጠይቃል፣ ማደንዘዣውም ከበድ ይላል። በዚህ ልብ ካልቸገረ በስተቀር አልመክርሽም።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ አለበል አዞሩ። «ለእሱ ግን ቀላል ነው።»

«ለእኔ?» አለ አለበል። «እንደ በሬ ልትቀጠቅጡኝ ነው?»

ሲስተር ሃና አልሳቁም። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰሙት ከፊታቸው ይታያል።

«በሬ ሲቀጠቀጥ ፍሬው ይሞታል። ያንተን ፍሬ የሚነካው የለም። ከፍሬው ዘር የሚያወጣ ቀጭን ቧንቧ አለ፣ ግራና ቀኝ። እሱን ቆርጠን እንቋጥረዋለን፣ በቃ። ቦዩ ይዘጋል እንጂ ምንጩ አይደርቅም። ጉልበትህ ያው፣ ድምፅህ ያው፣ ከሚስትህ ጋር ያለህ ነገርም ያው ነው። ፈሳሹ እንኳ እንደ በፊቱ ይወጣል፣ ዘር ብቻ አይኖርበትም።» ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፦ «አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ነገ ሐሳቤን ለወጥኩ ብትለኝ መልሶ መቀጠሉ አስተማማኝ አይደለም። ቁርጥህን ሆነህ ና።»

አለበል ያን ቀን አልመለሰላቸውም። በሚኒባስ ወደ ዳባት ተመለሱ። ገብስ አጭደው፣ ነዶ ከምረው፣ አውድማ እስኪለቀልቁ ድረስ ነገሩ በሁለቱ መካከል ሳይነሳ ቆየ። ከዚያ አንድ ረፋድ፣ አለበል ሲወቃ፣ ሥርጉት ሕፃኗን አዝላ ምሳውን ይዛለት መጣች። ከቤታቸው እስከ አውድማው ያለችው ዳገት አጭር ናት። ሥርጉት መሐሏ ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ የሚያያት ሰው እንዳለ ስላላወቀች ፊቷን አልደበቀችም። አለበል መንሹን አስቀምጦ ወረደና ሕፃኗንም አገልግሉንም ተቀበላት።

«እሄዳለሁ» አላት።

የት እንደሆነ አልጠየቀችም። «ሰው ምን ይላል?» አለች።

«ሰው አንቺን ሲቀብር ነፍስ ይማር ይላል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ።»

ሥርጉት የነፍስ አባታቸው ሳያውቁ እንዳይሄድ አጥብቃ ለመነችው። ቄሱ ነገሩን ሳያቋርጡ ሰሙት። «እኔ ይህን ባርኬ አልሸኝህም፣ አልዋሽህም» አሉት በመጨረሻ። «ግን የልጆችህ እናት እንዳትሞት ብለህ ነው። ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር እሱ ነው፤ ለእሱ እተውሃለሁ።» አለበል መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ። ከጠበቀው የተሻለ መልስ ነበር።

የቀረው ጊዜውን መምረጥ ነው። ሲስተር ሃና ከሥራው በኋላ ዕቃ ማንሳት፣ ማረስ፣ በቅሎ መቀመጥ ክልክል እንደሆነ ነግረውታል። ገበሬ ደግሞ የሚታመምበት ወቅት የለውም። መኸር እያለ አይሆንም፤ እህሉ ይረግፋል። የካቲት ከገባም አይሆንም፤ ገመሳ፣ የመጀመሪያው እርሻ፣ ይጀመራል። ስለዚህ ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ በሬዎቹ ሥራ ሲፈቱ ይሁን አለ። ይህን ሲያስብ ሌላም ነገር መጣለትና ደስ አለው።

«ሲስተሯ ሦስት ወር ተጠንቀቁ፣ ወዲያው አይጠራም ብለው የለ?» አላት ሥርጉትን። «ዐቢይ ጾም ይገባል። አብዛኛውን ጾሙ ራሱ ይጠብቅልናል።»

«አይ ብልሃት!» አለች ሥርጉት።

ለመንደሩ ቡአ ሊታከም እንደሆነ ተናገረ። መንገዱ በጸጥታ ችግር አንድ ሰሞን ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተ ሳምንት ወረደ።

ጎንደር ውስጥ ያረፈው ታላቅ እህቱ ዝናሽ ዘንድ፣ ማራኪ ነው። ዝናሽ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምግብ እየሠራች ትኖራለች። የመጣበትን እውነተኛ ጉዳይ ሲነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች። ከዚያ፣

«ወንድሜ፣ አንተ እንዲህ ሸጋ ሰው ነህ እንዴ?» አለችው። «እኔ ስታሳድደኝና ስትደበድበኝ ብቻ ነው የማውቅህ።»

ሥራው ከመሠራቱ በፊት ደገፍ የሚያደርግ ጠበቅ ያለ ሙታንታ እንዲገዛ ታዝዞ ነበር። ዝናሽ ፒያሳ ወሰደችው። ሱቅ ውስጥ እንደገቡ፣ አለበል ወደ በሩ ሲያፈገፍግ፣ እሷ ለባለሱቁ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ይሄ ሰፊ ነው፣ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ አምጣ!» ትላለች። ባለሱቁ ወደ አለበል አሻግሮ አየ። አለበል ውጭ የቆመ ባጃጅ የሚመለከት መስሎ ፊቱን አዞረ። ላብ አሰመጠው።

ሥራው ከፈራው በላይ ቀላል ሆነ። ማደንዘዣው ሲወጋ ጉንዳን የነከሰው ያህል ቆነጠጠው፣ ከዚያ ደነዘዘ። ዶክተሩ እጁ እየሠራ ስለ ገብስ በሽታው ስለ ዋግ ይጠይቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሆዱ ድረስ የሚሰማ ጎተት የማድረግ ስሜት መጣና ጥርሱን ነከሰ፤ በላብ የራሰ እጁን ሲስተር ሃና ያዙለት። ስለ ዋጉ ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ፣

«ተነስ እንግዲህ» ተባለ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ሲስተር ሃና ሳይጣደፉ መከሩት። ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥበት። ተኝቶ ይቆይ። ለሌላ ሰው ሳምንት ይበቃል፤ እሱ ግን ሥራው ጉልበት ስለሆነ ከዚያ በላይ ከባድ ነገር አያንሳ። ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ ይምጣ፤ እስከዚያ ከሚስቱ ጋር ከተገናኘ በኮንዶም ይሁን።

«ዛሬ የተዘጋው ቧንቧው ነው» አሉት። «ከቋጠሮው ወዲህ ማዶ የቀረ ዘር አለ። እሱ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ሚስትህ ልትፀንስ ትችላለች።»

አለበል ሁሉንም እሺ አለ። ከሰማው ግን ልቡ የያዘው ሦስት ወሩን ብቻ ነው።

ዝናሽ ከጎረቤት ፍሪጅ በረዶ እያመጣች በፎጣ ትጠቀልልለታለች። ሽሮውን ወፍራም አድርጋ፣ እንቁላል ጨምራ ታቀርብለታለች። ወባ ይዞት ካልሆነ በቀር ቀን ተኝቶ የማያውቅ ሰው፣ የተማሪዎቹን ጫጫታ ከግድግዳው ማዶ እየሰማ፣ እህቱ ጉልበቱ ላይ ነጠላዋን ጣል እያደረገችለት ተኛ። «ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልታቀፍኩም» አላት። ዝናሽ «ልጅ ሆነህማ አትያዝም ነበር» አለችው።

ቤቱ ሲመለስ ሥርጉት በሩ ላይ ቆማ አካሄዱን አየች። እግሩን ከፈት ከፈት አድርጎ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀ ይመጣል። ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

በዚያው ሰሞን አያ ኪሩ ሞቱ። ታመው ሳይሰነብቱ፣ በተኙበት ቀሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛና ድንጋያማ ነው። ሬሳው ከቤት ሲወጣ የሥርጉት ወንድም ወንዴ አለበልን ገፋ አድርጎ፣ «አንተ ቁስልህ አልደረቀም፣ ከኋላ ሁን» አለው። አለበልም ከኋላ ሆነ። ትንሽ ሄደ። ግን ዓይኑ ከፊት በሚሄዱት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ነሐሴ፣ ዝናብ፣ የአያ ኪሩ ትከሻ ታወሰው። ያ ሽማግሌ ሥርጉትን አስፋልት ድረስ ተሸክሞ፣ አሁን እሱ በባዶ እጁ ሊከተለው ነው? አልቻለም። ወደ ፊት አልፎ አንዱን ሰው ነካ አደረገና ትከሻውን አስገባ። ዳገቱን ሁሉ አልተቀየረም።

ማታውኑ አበጠ። ጠዋት ሲያየው እንደ በሰለ የዱር እንጆሪ ጠቁሯል፤ ሲነካው ያመዋል፣ ሲቆም ይጎትተዋል። ሥርጉት እንዳየችው ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ወንዴን ጠራችው። ወንዴ ክንዱን ደግፎት ቀስ እያሉ፣ እያረፉ ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ።

መርማሪው ወጣት «ምን ሆነህ ነው?» ሲለው አለበል ወደ ወንዴ አየ። ቡአ ነው ቢል በሌላ መንገድ ሊያክሙት ይችላሉ። እውነቱን ቢናገር ወንዴ ይሰማል፤ ወንዴ ከሰማ ደግሞ የሥርጉት አባት አያ ክንዱ ይሰማሉ።

«ቡአ አይደለም» አለ። «ዘር እንዳይኖረኝ ቧንቧዬን አስቋጥሬ ነው። ሬሳ ተሸከምኩበት።»

ወንዴ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።

መርማሪው በደንብ አየው። ውስጥ ለውስጥ ደም ፈስሶ እንደቋጠረ፣ መድማቱ ግን እንደቆመ፣ ሰውነቱ ራሱ ቀስ በቀስ እንደሚመጠው ነገረው። የሕመም ማስታገሻ ሰጠውና ትኩሳት ከመጣ ወይም እብጠቱ ከጨመረ ወዲያው ጎንደር እንዲወርድ አሳሰበው። «ሞፈር ግን ለተወሰነ ጊዜ አትነካም» አለው።

ወንዴ እስከ ቤት ድረስ ደግፎት ተመለሰ። 

በማግሥቱ አያ ክንዱ መጡ። የሥርጉት አባት ሲቆጡ የሚያስፈሩ፣ ሲረጋጉ ደግሞ የበለጠ የሚያስፈሩ ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ደጃፉ ላይ አስደግፈው ገቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። አለበል ሊነሳ ሲሞክር በእጃቸው ከለከሉት።

«እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው፣ አያ።»

«ማን አስገደደህ?»

«ማንም።»

አያ ክንዱ ሥርጉትን አዩ። ሕፃኗን እያጠባች ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታለች። «ዶክተሩ ምን አለ ነው ያልሽው?»

«ሌላ ካረገዘች ልቧ አይችልም ብሏል፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወደ ማንም ሳያዩ ተናገሩ። «እናትሽ በወሊድ ስትሄድ ቁርጥ ቀኗ ነው ብለው አጽናኑኝ። እኔም ይሁን አልኩ። መላ ያለው ነገር መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።» ወደ አለበል ዞሩ። «ማሳህ ተገምሷል?»

«አልተገመሰም፣ አያ። አሁን እንዲህ ሆኜ...»

«ተኛ» አሉና ተነስተው ወጡ።

አለበል ነገሩ ይቅርታ ይሁን ቁጣ አልገባውም። ገና ሳይገባው፣ በሚቀጥለው ቀን ጠዋት፣ የጅራፍ ድምፅ ሰማ። ሥርጉት በሩን ከፍታ ተመለከተች። «ና እይ» አለችው። በግድግዳው እየተደገፈ ወጣ።

አያ ክንዱ ጋቢያቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ራሳቸው እርፉን ይዘዋል። ከጎናቸው ወንዴ በሁለተኛ ጥማድ ያርሳል፤ ከወዲያ ደግሞ የአያ ኪሩ ልጆች ገና ሐዘን ላይ ሆነው፣ ፀጉራቸውን እንደተላጩ፣ በሬ ጠምደው መጥተዋል። ደቦ ያልተጠራበት፣ ጠላ ያልተጠመቀበት እርሻ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚቀርብላቸው ቆሎና ውኃ ብቻ ነበር።

በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ሰው ቆሞ፣ «ምነው፣ ሰንጋው አለበል የት ገባ?» ብሎ ሳቀ። ወሬው መድረሱ ነው። አያ ክንዱ በሬዎቹን አቆሙ።

«ሰንጋ ያልከው፣ ልጄን ከመቃብር አፍ የመለሰልኝን ሰው ነው» አሉ። ጮክ አላሉም። «ወይ እርፉን ተቀበለኝ፣ ወይ መንገድህን ሂድ።»

ሰውየው ወዲያና ወዲህ አየ። ከዚያ ገብቶ እርፉን ተቀበለ። እስከ ምሳ አረሰ፤ ከሌሎቹም ጋር ቆሎውን በላ።

አለበል መደቡ ላይ ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሥርጉት መጥታ ራስጌው ተቀመጠች፤ እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች እንጂ ዝም በል አላለችውም።

እብጠቱ ቀስ እያለ ወረደ። ጥቁሩ ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ተለወጠና ጠፋ። ዐቢይ ጾም ገባ። አለበል መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን፣ አጥር መጠገንና ከብት ውኃ ማጠጣት፣ ቀጥሎም እርሻውን ጀመረ። ጉልበቱ እንደነበረ ነው፤ ድምፁም አልቀጠነም። ጾሙን አከበሩ። ፋሲካ ሲመጣም ሥጋው ተበላ፣ ጠላው ተጠጣ፤ መኝታው ግን እንደተለየ ቀረ። «ምርመራውን ልለፍ፣ ያኔ ያለ ፍርሃት ይሆናል» አላት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ ጎንደር ወረደ።

ሲስተር ሃና ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጡትና አንዲት ጠባብ ክፍል አሳዩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሳለፈውን ጊዜ አለበል ለማንም አውርቶት አያውቅም። ሲወጣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ዕቃዋን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይዟል።

ውጤቱ ሲመጣ ሲስተር ሃና ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ዘሩ አሁንም ይታያል» አሉ።

አለበል ወንበሩን ያዘ። ያ ሁሉ ነገር፣ ሕመሙ፣ ወሬው፣ የሽማግሌው እርሻ፣ በአንድ ጊዜ ደረቱ ላይ ወደቀበት። «አልሠራም ማለት ነው? ሥርጉት...»

«ቆይ፣ ቆይ። ከተሠራህ ወዲህ ከባለቤትህ ጋር ተገናኝታችኋል?»

«ኧረ! ጾም ነበር እኮ፣ ሲስተር።»

«ከጾሙ በኋላስ?»

«ይቺን ምርመራ ሳላልፍማ ብዬ...»

ሲስተር ሃና ቀስ ብለው ተቀመጡ። አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስቀው ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አንተ ሰው፣ ከቋጠሮው ማዶ የቀረው ዘር በምን ይውጣ? ወር በመቁጠር ብቻ አይወጣም። አብራችሁ ስትተኙ ነው እየታጠበ የሚሄደው። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ በደንብ ማስረዳት ነበረብኝ። ሥራው ግን ምንም አልሆነም።» መሳቢያቸውን ከፍተው የኮንዶም ፓኬቶች አወጡ። «የጾሙን ዋጋ ከፈጣሪ ታገኛለህ። ከእኔ ይኸው። ክረምት ሳይገባ ተመለስ።»

ማታ ቤቱ ገብቶ ለሥርጉት ሲነግራት መጀመሪያ ዓይኖቿ በፍርሃት ፈጠጡ። እስከ መጨረሻው ስትሰማ ግን ሳቋ መጣ። ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ልጆቹ ነቅተው «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እስኪሉ ድረስ ሳቀች።

«ጾም በማክበር የተቀጣ ሰው ዛሬ አየሁ» አለችው።

አለበል ያን ቀን ከመደቡ ላይ ቁርበቱን አነሳ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም ፈሩ። የሲስተር ሃናን ፓኬት እንዴት እንደሚከፍቱት እንኳ አፈሩበት፤ አንዱ እጃቸው ላይ ተቀደደና ሌላ ከፈቱ። ቆይቶ ለመዱት። ቀን ማሳ ላይ ሲገናኙ እንደገና እንደ ባልና ሚስት መተያየት ጀመሩ። የሥርጉት መርፌና ክኒን አልተቋረጠም፤ ደም የሚያበዛባት ነገር ከቀረ ወዲህ ደግሞ ፊቷ ሞላ፣ ከምንጭ ስትመለስ መቀመጧ ቀነሰ።

ሰኔ ሲገባ፣ ዘር ዘርቶ ሲያበቃ፣ አለበል እንደገና ወረደ። በዚህኛው ጊዜ ሲስተር ሃና ውጤቱን ይዘው ሲመጡ ፊታቸው ፈክቷል።

«የለም» አሉት። «አንድም የለም። ከዛሬ ጀምሮ ምንም አያስፈልጋችሁም።»

አለበል ምስጋናውን መንገድ ላይ እያለ አዘጋጅቶት ነበር። አሁን ግን ጠፋበት። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ሲስተር ሃና ደንግጠው ትከሻውን ያዙት። «ተው፣ ምን ነካህ?» አሉት። እሱም፣ «ልጆቼ እናት አላቸው፣ ሲስተር። እግዜር ይስጥልኝ። እናት አላቸው» አለ።

አስፋልቱ ላይ ከሚኒባስ ሲወርድ ወንዴ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሊቀበለው እንደመጣ ተናገረ፤ ግን የሚያወርድለት ጭነት እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወንዴ መሬት መሬቱን እያየ ጠየቀው።

«ያምማል?»

«ሬሳ ካልተሸከምክ አያምም።»

«ሚስቴ ሰባተኛዋን ከወለደች ወዲህ ወገቧ ቀና አላለም» አለ ወንዴ።  አለበልም አልገፋውም። የሲስተር ሃና ክፍል በየት በኩል እንደሆነ፣ በሩ ምን እንደሚመስል፣ ሰው እንዳይበዛ በየትኛው ቀን መሄድ እንደሚሻል ብቻ እየነገረው ዳገቱን ወጡ።

ቤት ሲደርስ ዝናቡ ጀምሯል። ሥርጉት ሕፃኗን አዝላ በር ላይ ቆማለች። ፊቱን አይታ ገባት፤ ቢሆንም ጠየቀችው።

«በቃ?»

«በቃ።»

ወደ ውስጥ ገብታ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። አለበል የምታለቅስ መስሎት ቀረብ አለ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ሰውነቷ ሁሉ እንደላላ፣ ሸክም አውርዳ እንዳረፈች ሆናለች።

«ታውቃለህ» አለችው፣ «ከተጋባን ጀምሮ ወር ሳልቆጥር የተኛሁበት ቀን የለም። ልጅ ስፈልግም እቆጥራለሁ፣ ስፈራም እቆጥራለሁ። እህቶቼም እንደዚያው ናቸው። ሰው ያለዚያ የሚኖር አይመስለኝም ነበር።»

 አለበል ሕፃኗን ከጀርባዋ ፈትቶ ተቀበላት። ሥርጉት ተነስታ ድስቱን ጣደች፣ ልጆቹን ከዝናቡ ጠራች። ገበታ ቀርቦ ሲበሉ፣ የዛሬው ሽሮ ጨው በዝቶበታል እየተባለ ተሳሳቁ። ከዚያ ሥርጉት ቀድማ ተኛች፤ እስኪነጋ ድረስ አልነቃችም።